አራተኛው አንቀጽ

ኪርክደን ሰፈር፣ ግንቦት 9 ቀን 1738

ወንድሜ ኒኒያን፣ ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ አንተም በደህና የብስ ረግጠህ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

መርከቧን ከወደብ ሸኝታ በተመለሰችው ጀልባ የላክሃት ቁራጭ ደብዳቤ ደርሳናለች። የለም፣ አባባ አልተቀየመህም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርህ በጣም እንደተጨነቅህበት ከእጅ ጽሑፍህ ስላየሁ ነው። ሳትሰናበተው የሄድከው ነፋሱ ድንገት ስለተነሣ እንደሆነ እሱ ራሱ ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራል። «ልጄ ለንደን ሄዷል፤ የሃያ ሦስት አባወራ አቤቱታ ይዞ ሄዷል» ይላል። ትናንት ለጎረቤታችን ለጊልክሪስት ላሞች ሳይቀር ሲነግራቸው ሰምቼዋለሁ።

አንተ ከሄድክ በአራተኛው ቀን እትዬ ዩፋንን ከቤቷ አስወጧት። ባሏ በንዳድ ከሞተ ገና ሁለት ወር አልሞላም። ዳኛ ሆስኪን ሁለት ወታደሮች አስከትሎ መጣና በሩ ላይ ቆሞ ደንቡን አነበበላት፤ ወንድ ልጅ የሌለው ሰው ሲሞት መሬቱ ለንደን ሆኖ ቅኝ ግዛቱን ወደሚያስተዳድረው ጉባኤ ይመለሳል። ሦስቱ ሴቶች ልጆቿ ከኋላዋ ቆመዋል።

«ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለችው።

«ባልሽ ነው የሠራው። ባልሽ ደግሞ ሞቷል።»

«ባሌ ጣሪያው ላይ ሲወጣ መሰላሉን ማን የያዘለት መሰለህ፣ አንተ ነህ?»

«ወንድ ልጅ ወልደሽ ቢሆን ኖሮ፣ እትዬ፣ እኔም እዚህ ባልመጣሁ።»

«እንግዲያው ባሌን ከመቃብር ልጥራውና አንድ ጊዜ ደግመን እንሞክር?»

ወታደሮቹ እንኳ ሳቁ። ሆስኪን ግን በሩን አስቸንክሮ ሄደ። አሁን አራቱም እኛ ጋ ናቸው። ትንሿ አንተ ትተኛበት በነበረው ቦታ ትተኛለች፤ ስትመጣ ታስነሣታለህ።

ስለዚህ አራተኛውን አንቀጽ አደራ። ስለ ረግረጉ መሬት፣ ስለ ድርጎው፣ ዳኛችንን ራሳችን እንምረጥ ስላልነው ባይሰሙን እንኳ ሦስት ዓመት የኖርነውን ኑሮ እንኖራለን። አባት የደከመበትን መሬት ለሴት ልጁም ማውረስ ይችል ዘንድ የሚለውን ካልሰሙ ግን የእትዬ ዩፋን ዕጣ ነገ የጊልክሪስት አራት ሴቶች ልጆች ዕጣ ነው፤ የእኔም ነው። አባባ ያንን አንቀጽ እየነገረህ ስትጽፍ ድምፁ ተቆራርጦበት እንደነበር ታስታውሳለህ። ፊትህን ወደ መስኮቱ አዞርክ። እንዳለቀስክ ገብቶኝ ነበር።

ዓይኑ ይበልጥ ደክሟል። መጽሐፍ ቅዱሱንም አሁን የማነብለት እኔ ነኝ። በቆሎው በቅሏል።

እህትህ ግሪዝል

.

ለንደን፣ ነሐሴ 20 ቀን 1738

ውድ እህቴ ግሪዝል፣

መዘግየቴን ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሳምንት ሆኖታል፤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ባሕሩን እንዴት ቻልከው ትዪ ይሆናል፤ አልቻልኩትም፤ ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ትውከት ነበር። ይህች ከተማ ደግሞ ያለ መርከብ ታናውጣለች። የማርፍበት ቤት አግኝቻለሁ። እዚያ ወደብ ያለው ነጋዴው ስቶባርት እዚህ ወንድም አለው፤ በእሱ ቤት ነኝ። አባባ ስቶባርትን እንደማይወደው አውቃለሁና ይህቺን ስታነቢለት ዝለያት።

የጉባኤው በር ላይ አሥራ አንድ ቀን ቆሜያለሁ። በር ጠባቂው ቀይ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ነው። «ከየት ነህ?» አለኝ። ከቅኝ ግዛቱ ነኝ አልኩት። «እዚያ ሰው ይኖራል እንዴ? እኔ የሐር ትል ብቻ መስሎኝ ነበር።» ግሪዝል፣ ውስጥ ያሉት ጌቶችም ከዚህ የተሻለ አያውቁም። በልባቸው ሐር የሚፈትሉ፣ የማይታመሙ፣ የማያጉረመርሙ ሰዎች አስፍረዋል። እኛን ሲያዩን ያፍሩብናል።

በመጨረሻ ወረቀቱን ተቀብለውኛል። ብቻዬን ሄጄ ቢሆን ኖሮ እስከ ገና ባስቆሙኝ ነበር፤ እንድገባ ያደረገው የስቶባርት ወንድም ነው። እዚህ አንድ ሰው በር የሚከፍትልሽ አንቺም የእሱን ጉዳይ ይዘሽ ስትገቢ ነው። ለጊዜው ይህን ብቻ ላስረዳሽ።

ስለ አራተኛው አንቀጽ ደጋግመሽ አትጠይቂኝ፤ በእኔ እጅ ነው።

የአባባ ጤና እንዴት ነው? እርሻውን በተመለከተስ ሰሞኑን ምን ይላል? በወረቀት ያሰፈረው ነገር አለ ወይ? ለሌላ ነገር አይደለም፣ ስለማስብላችሁ ነው።

ወንድምሽ ኒኒያን

.

ኪርክደን ሰፈር፣ ኅዳር 27 ቀን 1738

ወንድሜ፣

የለም፣ በወረቀት ያሰፈረው ነገር የለም። ምን ብሎ ያሰፍራል? ደንቡ አይፈቅድለት። አንተ ደንቡን ልታስለውጥ ነው የሄድከው። ጥያቄህ ትንሽ ገርሞኛል፤ ግን ከጭንቀት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

አሁን የምጽፍልህን በጥሞና አንብበው። ባለፈው ሰኞ የድርጎ ቀን ነበር። እንደ ልማዳችን ጆንያችንን ይዘን ጎተራው ፊት ተሰለፍን። ሆስኪን ከጉባኤው በመርከብ የመጣለትን ደብዳቤ ይዞ ወጣና የሃያ ሦስቱን ፈራሚዎች ስም ጠራ። «ስማችሁ የተጠራ ሰዎች ወደ ቤታችሁ ሂዱ» አለ። «ለአመጸኛ ድርጎ የለም።» ይህን እንጠብቀው ነበር። ቀጥሎ ግን ወደ አባባ ዞረ።

«ሙንጎ፣ ከሌላው ይልቅ የገረምከኝ አንተ ነህ። አፍህን በከፈትክ ቁጥር ቅዱስ ቃል ነው የሚወጣው። ለካስ የምትፈልገው ጥቁር ባሪያ ኖሯል?»

አባባ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ምን አልክ?» አለው።

«ባሪያ እንድንገዛ ይፈቀድልን፣ ያለ ባሪያ ይህ መሬት አይለማም ብላችሁ ፈርማችኋል። አራተኛ አንቀጽ። ስምህ ከላይ ነው ያለው።»

አባባ ጠጋ ብሎ አሸተተውና፣ «ጌታው፣ ዛሬ ቀምሰሃል» አለው። «መጠጥ ደግሞ በራስህ ትእዛዝ ክልክል ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባዶ ጆንያችንን ይዘን እየሳቅን ተመለስን። እኔ ግን መንገዱ መሐል ላይ ሳቄ ጠፋ፤ ሆስኪን ተንኮለኛ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ነገር የመፍጠር ብልሃት የለውም።

ከሦስት ዓመት በፊት ስንመጣ በካሮላይና ወደብ ያየነውን አንተም አይተሃል። ሰዎች ከመርከብ እየወረዱ ጥርሳቸው እየታየ ሲሸጡ። አባባ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። እዚህ ከሰፈርን በኋላም ጎረቤቶቻችን በሙቀቱ ሲማረሩ «እኔ መከራዬን በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ ልጭን ባሕር አልተሻገርኩም» ሲላቸው ሰምተኸዋል። እንዲህ ያለውን ሰው እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ የሚያስፈርመው የለም።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። በገዛ እጅህ «ሆስኪን ዋሽቷል» ብለህ ጻፍልኝ። ሌላ ዜና አልፈልግም። ሁለት ቃል ይበቃኛል።

አባባ ትንሽ ያስለዋል። ከዚያ በላይ የምጽፈው የለኝም።

ግሪዝል

.

ለንደን፣ የካቲት 16 ቀን 1739

እህቴ፣

ሁለቱን ቃላት ልጽፍልሽ ብዕሬን አነሣሁ። አልቻልኩም።

እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ። ወረቀቱ በአንድ ገጽ፣ በአራት አንቀጽ እንዲቀርብ ነው ደንቡ። የስቶባርት ወንድምና ጓደኞቹ የራሳቸው ጥያቄ ነበራቸው፤ እሱ ከሌለበት እንደማያስገቡኝ በግልጽ ነገሩኝ። ከአራቱ አንዱ መውጣት ነበረበት። የመሬቱን ባወጣ ረግረግ ውስጥ ያለው ሰው ያልቃል። የድርጎውን ባወጣ ትራባላችሁ። የዳኛውን ባወጣ ሆስኪን ዕድሜ ልኩን ተጭኗችሁ ይኖራል። አራተኛው ሊቆይ የሚችል መሰለኝ። በእሱ ቦታ የእነሱን ጥያቄ አስገብቼ ገጹን እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ ፊርማዎቹ ያሉበት ሌላ ገጽ ስለነበር ከሥሩ አያያዝኩት። ያደረግኩት ይኸው ነው። በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ወረቀት የሴቶቹን አቀርባለሁ፣ ቃሌ ነው።

እስከዚያስ ምን ይጎድልብሻል? ደንቡ ሳይለወጥ አባባ አንድ ነገር ቢሆን መሬቱ የሚመጣው ለእኔ ነው። እኔ ደግሞ ባዕድ ነኝ? እዚያው ቤት፣ እዚያው ምድጃ አጠገብ ትኖሪያለሽ። ማን ያስወጣሻል?

በነገሩ ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ። እንቅልፍ የለኝም። ለአባባ ግን አትንገሪው። እኔ ራሴ ስመጣ አስረዳዋለሁ፤ ከአፌ ሲሰማው ይገባዋል።

እስክመጣ ትጠብቂኛለሽ አይደል?

ኒኒያን

.

ኪርክደን ሰፈር፣ ሰኔ 3 ቀን 1739

ኒኒያን፣

አባታችን ሚያዝያ 22 ቀን አርፏል። ስለ ሕመሙ ሳልጽፍልህ መቆየቴ ጥፋቴ ነው። ሆስኪን ቃሉን አጥፎ ድርጎ ይሰጠናል ብዬ ስጠብቅ፣ ሳሉ ይሻለዋል ብዬ ስጠብቅ ክረምቱ አለፈ። የበሉትም ያልበሉትም ይሞታሉና በረሃብ ሞተ አልልህም። በመጨረሻው ወር ግን የተፈጨ በቆሎ በውኃ ነበር የሚጠጣው፤ ዘር ብለን ያስቀመጥነውን ነው የፈጨሁለት።

ደብዳቤህ የደረሰው ከመሞቱ ስድስት ቀን በፊት ነው። ጊልክሪስት ከወደብ ይዞት ሲገባ አባባ አልጋው ላይ ሆኖ ሰማ። «የኒኒያን ነው?» አለ። ነው አልነው። «በይ አንብቢልኝ።»

ቆሜ መጀመሪያ በዓይኔ አነበብኩት። «ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ። «ጽሑፉ ደቃቅ ነው» አልኩት። ከዚያ ጣቴን በመስመርህ ላይ እያስኬድኩ ሌላ ነገር አነበብኩለት። ሆስኪን ዋሽቷል ይላል አልኩት። አራተኛው አንቀጽ ጌቶቹ ፊት ተነቧል፣ አንዱ ጌታ የአምስት ሴቶች ልጆች አባት ስለሆነ ልቡ ተነክቷል ይላል አልኩት። አባባ «አምስት!» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት። እንድደግምለት ጠየቀኝ። ደገምኩለት። ለሚሞት አባት ዋሸሁ፣ ኒኒያን። አሥር ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ባነበብኩበት አፍ። የአንተን ወረቀት በእጄ ይዤ።

ከቀብሩ በኋላ ፈራሚዎቹን ጊልክሪስት ግቢ ሰበሰብኳቸውና እውነተኛውን አነበብኩላቸው። ጊልክሪስት የቀኝ እጁን አንሥቶ አገላብጦ አየው። «ይህንን እጄን ቆርጦ ወስዶ ለማላውቀው ሰውዬ ሰፋው» አለ።

አንዱ ደግሞ «እስቲ ረጋ በሉ፤ ባሪያ ቢፈቀድስ ምን ይጎዳናል?» አለ። በተለይ ረግረግ ውስጥ ያሉት ጥቂቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ ዩፋን ተነሣችና «ልክ ነህ» አለችው። «ሆስኪን እኔን ካስወጣኝ በኋላ መሬቴን ማን እንደሚያርሰው ጭንቅ ብሎኝ ነበር!» ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል የደገመ ሰው አልነበረም፤ ሦስት ሰዎች ግን ሳይፈርሙ ሄደዋል።

አዎ፣ ሌላ ወረቀት ጽፈናል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለት ነገር ብቻ ይላል፦ ባሪያ አልጠየቅንም፣ አንፈልግምም፤ የጠየቅነው ሴቶች ልጆቻችን እንዲወርሱን ነው። አሥራ ዘጠኝ ወንዶች ፈርመዋል፤ ከሥር አሥራ ሰባት ሴቶች ፈርመናል። ሆስኪን አልቀበልም ስላለ ካፒቴን ዩል በራሱ እጅ ይዞት ይሄዳል። ይህ ደብዳቤ አብሮት ነው የሚመጣው።

ሆስኪን ትናንት መጥቶ ነበር። ደንቡን አነበበልኝ። መሬቱ የአንተ ነው፤ እኔ ደግሞ አንተ እስክትመጣ «እንደ ቤት ጠባቂ» መቆየት እችላለሁ። በአሥር ጣቴ የመነጠርኩት መሬት ላይ።

ትጠብቂኛለሽ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አልጠብቅህም።

ግሪዝል አፍሌክ

.

ኪርክደን ሰፈር፣ ጥር 11 ቀን 1740

ለእህቴ ለግሪዝል፣

በአባባ ቤት ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ምድጃው ተጠርጓል፤ ሳህኖቹ ተደርድረዋል። ለባዕድ እንደሚያስረክቡት ቤት አድርገሽ ነው የሄድሽው። አንቺ ከጊልክሪስት መሬት ዳር ጎጆ ሠርተሽ ከዩፋን ጋር እንደምትኖሪ ሰምቻለሁ። ከዚህ ጭሳችሁ ይታየኛል። መምጣት ፈልጌ ሦስት ጊዜ ወንዙ ዳር ወርጄ ነበር። ባለ ጀልባው «ሞልቷል» አለኝ። ጀልባው ውስጥ አንዲት ዶሮ ብቻ ነበረች።

ወረቀታችሁ ለንደን ሲደርስ እዚያ ነበርኩ። ጌቶቹ እኔን ጠርተው፣ እኔ በቆምኩበት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስነበቡት። የእያንዳንዱን ሰው ስም። የሴቶቹ ስም ላይ ሲደርስ ጸሐፊው ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ሲጨርስ ሊቀ መንበሩ «የመጀመሪያውን ወረቀት ያመጣኸው አንተ ነህ?» አለኝ። ነኝ አልኩ። «ሂድ» አለኝ። የስቶባርት ወንድም በማግስቱ ሻንጣዬን ደጅ አወጣው።

ሆስኪን ስለማይነግራችሁ እኔ ልንገርሽ፤ ፈቅደዋል። ካለፈው መስከረም ወዲህ የሚሞት አባት መሬቱን ለሴት ልጁ ማውረስ ይችላል። የባሪያውን ጥያቄ ከልክለዋል። ያሸነፍሽው አንቺ ነሽ። ግን ከመስከረም ወዲህ ነው ያሉት፤ አባባ የሞተው ሚያዝያ ነው። ጌቶቹን ለመንኳቸው። ወደ ኋላ አይሠራም አሉኝ። መሬቱን ላስተላልፍልሽም ጠይቄ ከልክለውኛል። እመኚኝ አልልሽም።

ነይና እንኑር። ግማሹ ያንቺ ነው፤ ሁሉም ያንቺ ይሁን። እኔ ይህን አፈር አላውቅበትም፤ በቆሎውን መቼ እንደሚዘሩት እንኳ የሚነግረኝ ሰው የለም። ስቶባርት ከካሮላይና ሁለት ሰዎች ተሻግረው ይሥሩልህ ብሎ ልኮብኛል፤ የተገዙ ሳይሆኑ የተከራዩ ናቸው ይባላል፣ ማንም አይጠይቅም። አልፈልግም ብዬዋለሁ። ብቻዬን ከሆንኩ ግን እስከ መቼ አልፈልግም እላለሁ?

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ፣ ሌላውን ተይው። አባባ ሲሞት ስለ እኔ ምን አለ? ጊልክሪስትን ጠየቅኩት፤ «እህትህን ጠይቃት» ብሎኝ ፊቱን አዞረ። ረግሞኝ ከሆነም ልወቀው።

ኒኒያን

.

ከጊልክሪስት መሬት፣ ጥር 19 ቀን 1740

ኒኒያን፣

በቆሎ የሚዘራው ውርጩ ጨርሶ ካለፈ በኋላ ነው። ከጉድጓዱ በስተ ምሥራቅ ያለው አሸዋ ስለሆነ አይያዝልህም፤ ወደ ጥዱ ጠጋ ብለህ ዝራ። ይህን የምነግርህ መሬቱ ስለሚያሳዝነኝ ነው።

ከካሮላይና ስለሚሻገሩት ሰዎች የጻፍከውን ለጊልክሪስት አነበብኩለት፤ እሱም ለሌሎቹ ነግሯቸዋል። ጀልባው መውረጃ ላይ የሚቆሙ ሰዎች አሉ። እኔም እቆማለሁ። ተከራዩም ተባሉ ተገዙ፣ አንድ ሰው ተገዶ በአባባ መሬት ላይ አይቆፍርም። እኔ እመጣልህ ዘንድ እነሱን መያዣ ማድረግህን ግን አልረሳውም።

ስለ መስከረሙ ፈቃድ አውቀናል። የጊልክሪስት አራት ሴቶች ልጆች ያን ቀን ሲዘሉ ዋሉ። እትዬ ዩፋን አብራቸው ጨፈረች፤ እሷም እንደ እኔ ምንም አላገኘችም። እኔ ተቀምጬ አየኋቸው። ደስ ብሎኛል፤ ውሸት አልነግርህም፣ ከደስታው ሥር ሌላ ነገርም ነበረ። አንተ አራተኛውን አንቀጽ በቦታው ትተኸው ቢሆን ኖሮ ፈቃዱ አንድ ዓመት ቀድሞ ይመጣ ነበር። አባባ በሕይወት እያለ።

ግማሹ ያንቺ ነው ብለሃል። አንተ በቸርነትህ የምትሰጠኝን ግማሽ ሳይሆን የአባባን ሙሉ ነበር የጠየቅነው። አልመጣም።

አባባ አልረገመህም። ይህን እስካሁን ያልጻፍኩልህ ልቤ እንቢ ስላለኝ ነው። ደብዳቤህን ደግሜ ካነበብኩለት በኋላ «ቀና አድርጊኝ» አለኝ። ከጀርባው ደግፌ አስቀመጥኩት። ባሕሩ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀኝና ወደዚያ እጁን ዘረጋ። ስምህን ሦስት ጊዜ ጠራ። «ቃሉን የጠበቀልኝ ልጄ፣ እህቱን ያልሸጠ ልጄ፣ የነካኸው ሁሉ ይባረክልህ» አለ። እጁ እስኪዝል ድረስ መረቀህ። እኔ ጀርባውን ይዤ አሜን አልኩ።

ነገር ግን የመረቀው ያነበብኩለትን ደብዳቤ የጻፈውን ልጁን ነው። ያንን ልጅ የፈጠርኩት እኔ ነበርኩ። ስድስት ቀን አብሮን ኖሮ ከአባባ ጋር ተቀብሯል።

ምርቃቱን ላደርስልህ ይህን ሁሉ ወር በአደራ ይዤው ቆየሁ። የማደርስለት ሰው አጣሁ።

ግሪዝል